ወለል ውስጥ ተሰብሮ የቀረ ብሎን

ጣውላ ወለል ላይ አንድ ብሎን አልፈታ ሲል እጅ ወዲያው የሚሄደው ወደ ጉልበት ነው። ካቻቢቴውን ጨብጦ ደጋግሞ መጠምዘዝ። በመጀመሪያው ዙር በብሎኑ ራስ ላይ ያለው የካቻቢቴ ማስገቢያ መስቀል ጠርዙ ትንሽ ይበላል፤ በሁለተኛው ካቻቢቴው መንሸራተት ይጀምራል፤ በሦስተኛው መስቀል የነበረው ክብ ጉድጓድ ሆኖ ያርፋል። በእጅ ይፈታ የነበረው ብሎን ከዚያ በኋላ ትራፓኖ ይጠይቃል፤ ትራፓኖው በችኮላ ከተያዘ ደግሞ ጣውላው ራሱ ይበላሻል። እዚህ ሥራ ላይ የከሸፈ ሙከራ ዋጋ ያስከፍላል፤ የሚቀጥለውን መንገድ ያጠብባል። ስለዚህ ከመሣሪያው ይልቅ ቅደም ተከተሉን ያዙ። ከቀላሉ ጀምሩ፣ መስቀሉ እየተበላ መሆኑን ስታዩ አቁሙ፣ ወደሚቀጥለው እለፉ።

(ካቻቢቴ ከጣልያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ ሲተረጎም “ብሎን አባራሪ” እንደ ማለት ነው። ስሙን ያወጡለት ሰዎች የዛገ ብሎን ያጋጠማቸው አይመስልም።)

መሣሪያ ከማንሳታችሁ በፊት ግን ብሎኑ የግድ መውጣት አለበት ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ጣውላው እዚያው የሚቆይ ከሆነና የተሰበረው ብረት ከወለሉ ፊት በታች ከቀረ ማንንም አይጎዳም። በዚያው ሞራሌ (ጣውላው ከሥር የተቀመጠበት ተሸካሚ እንጨት) ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ፈቀቅ ብላችሁ አዲስ ብሎን አስገቡ፣ የአሮጌውን ቀዳዳ ድፈኑ፣ በቃ። አዲሱ ቀዳዳ ከአሮጌው ጋር በእንጨቱ ጭረት አንድ መስመር ላይ እንዳይውል ብቻ ተጠንቀቁ፤ በአንድ መስመር የተደረደሩ ቀዳዳዎች ጣውላን ይሰነጥቃሉ። መውጣት ያለበት ጣውላው የሚነሳ ከሆነ፣ ስባሪው ወጣ ብሎ እግር የሚቧጭር ከሆነ፣ ወለሉ በማሽን ሊላግ ከሆነ (አንድ የብረት ጫፍ የማሽኑን ወረቀት ከዳር እስከ ዳር ይቀደዋል)፣ ወይም አዲሱ ብሎን በትክክል እዚያው ነጥብ ላይ መግባት ካለበት ነው። ከነዚህ ውጭ ከሆነ ስባሪውን ለማውጣት የሚቆፈረው ጉድጓድ ከስባሪው የባሰ ጉዳት ነው።

ለምን እንደተጣበቀ ማወቅ ሥራውን ግማሽ ያቀለዋል። በቆዩ የጣውላ ወለል ቤቶች መጀመሪያ የተመታው አብዛኛውን ጊዜ ምስማር ነው። ብሎን የሚመጣው በኋላ፣ ወለሉ ሲረገጥ ሲጢጥ ማለት ሲጀምር ነው። ያኔ የሚገዛው ደግሞ ጥቁሩ የጂፕሰም ብሎን ነው፤ ርካሽ ነው፣ በየሱቁ አለ፣ ጫፉም ስለት ስለሆነ መሪ ቀዳዳ (ብሎኑ ከመግባቱ በፊት የሚበሳ ጠባብ ቀዳዳ) ሳይፈልግ ይገባል። ይህ ብሎን ግን የተሠራው የጂፕሰም ሰሌዳ ለመያዝ ነው። ብረቱ በእሳት እንዲጠነክር ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ አይታጠፍም፤ ከታጠፈ ይሰበራል። ወለል ደግሞ በየእርምጃው ጥቂት ይነቃነቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሸሻል። ያ ሁሉ እንቅስቃሴ ጣውላውና ሞራሌው በሚገናኙበት መስመር ላይ ብሎኑን ወደ ጎን ይገፋዋል። አንገቱ ብዙ ጊዜ የሚቆረጠውም እዚያው መስመር ላይ፣ ማለትም ከ2 እስከ 2.5 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ውሃ ነው። ወለል በተወለወለ ቁጥር ጥቂት ውሃ በብሎኑ ራስ ዙሪያ ይሰርጋል። ብረቱ ሲዝግ ያብጥና ጥርሱን ከእንጨቱ ጋር ያጣብቀዋል። ታኒን የተባለ የተፈጥሮ ንጥረ ነገር ባለበት እንጨት ላይ፣ ባሕር ዛፍን ጨምሮ፣ ዝገቱ ከታኒኑ ጋር ተዋሕዶ በብሎኑ ራስ ዙሪያ ጥቁር ቀለበት ይሠራል። ያን ጥቁር ቀለበት ካያችሁ ብሎኑ ውስጡ ቀጥኗል ብላችሁ ገምቱ፤ ጉልበት አይችልም። ሦስተኛው ምክንያት ያለ መሪ ቀዳዳ በደረቅ ጠንካራ እንጨት ውስጥ በማሽን የተነዳ ብሎን ነው። እሱ ገና ሲገባ ነው የተጎዳው፤ ስትፈቱት የሚሰበረው ዛሬ ይሁን እንጂ ስንጥቁ የዚያን ቀን ነው የጀመረው።

ራሱ ያለበት ብሎን ከሆነ ሥራው እንዲህ ይሄዳል። መጀመሪያ መስቀሉን አጽዱ። ቫርኒሽ፣ ሰም፣ አቧራ ተጠቅጥቆበት ካቻቢቴው እስከ ታች አይደርስም፤ በመርፌ ወይም በምስማር ጫፍ እስኪያብረቀርቅ ቆፍሩት። ቫርኒሹ የብሎኑን ራስ ከጣውላው ጋር አጣብቆት ከሆነ ዙሪያውን በስለታም ቢላ ጫፍ ክብ አድርጋችሁ ቁረጡት። ይህን ካላደረጋችሁ ብሎኑ ሲወጣ የቫርኒሹን ልጣጭ ይዞ ይወጣል።

ቀጥሎ ትክክለኛ ጫፍ። ከ3.5 እስከ 5 ሚሊ ውፍረት ያለው የመስቀል ብሎን የሚፈልገው ቁጥር 2 ጫፍ ነው፤ ቁጥር 1 ይገባል ግን ይንሸራተታል፤ ቁጥር 3 እስከ ታች አይደርስም። ሌላው ብዙ ሰው የማያየው ልዩነት አለ። በመስቀሉ መካከል በአራቱ ክንዶች መሃል ትንንሽ ሰያፍ ጭረቶች ካሉ ብሎኑ ተራ መስቀል አይደለም፣ ፖዚድራይቭ ነው፤ ጫፉ ላይ “ፒዜድ” የተባለውን ይፈልጋል። በተራው መስቀል ከሞከራችሁት ለጊዜው የያዘ ይመስልና በጉልበት ጊዜ ዘልሎ ይወጣል። የተበላ የካቻቢቴ ጫፍም ጣሉት፤ የአንድ ጫፍ ዋጋ ከአንድ ጣውላ ጥገና ጋር አይወዳደርም።

ካቻቢቴውን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙና ጀርባውን በመዶሻ ሦስት አራት ጊዜ ምቱ። ምቱ ጫፉን መስቀሉ ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ዝገቱንም ያነቃንቀዋል። እጀታው ፕላስቲክ ብቻ ከሆነ ይሰነጠቃል፤ ብረቱ እስከ ኋላ ድረስ ያለፈ ካቻቢቴ ያስፈልጋል። ከዚያ ወደ መፍታት አትሂዱ፤ መጀመሪያ ትንሽ፣ በሰዓት ፊት ላይ የሁለት ሦስት ደቂቃ ምልክት ርቀት ያህል ብቻ፣ ወደ ማጥበቅ ግፉት። ጭቅ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ዝገቱ ለቋል ማለት ነው። አሁን ወደ ግራ ፍቱት። ሰውነታችሁን ከላይ ጫኑበት፤ ከምታዞሩበት ጉልበት ይልቅ የምትጫኑበት ይብለጥ። ሩብ ዙር ከፈታ መልሳችሁ ትንሽ አጥብቁ፣ እንደገና ፍቱ። ወደፊትና ወደኋላ እያላችሁ ስትሄዱ የዛገው ብሎን ቀስ እያለ ይለቃል፤ በአንድ ትንፋሽ ልፍታው ያለ ሰው አንገቱን ይቆርጠዋል።

ካልሆነ ሙቀት። የኤሌክትሪክ ብየዳ ካውያ (የሬዲዮ ጠጋኞች የሚይዙት ዓይነት) ጫፉን በብሎኑ ራስ ላይ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ አቁሙት። ብረቱ ሞቆ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይሸሻል፤ በመሃል ዝገቱ ይሰነጠቃል፣ ቫርኒሹና ኮላውም ይላላል። ሲበርድ ሞክሩት። ሻማና ጋዝ ምድጃ ግን ወለል ላይ አይሆንም፤ ቫርኒሽ ይቀጣጠላል፣ ያልተቀጣጠለውም ይጠቁራል።

ዘይት ስለመርጨት ብዙ ይመከራል። በብረትና በብረት መካከል ድንቅ ነው፤ በብረትና በእንጨት መካከል ግን ጥቅሙ ትንሽ፣ ጉዳቱ ብዙ ነው። እንጨቱ ይጠጣዋል፣ ይጠቁራል፣ በኋላም እዚያ ቦታ ላይ ኮላም ቫርኒሽም አይይዝም። ካውያ ከመጠቀም በፊትማ ጭራሽ አይረጭ፤ ተቀጣጣይ ነው።

መስቀሉ መበላት ከጀመረ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ የሚሸጥ የቫልቭ መሞረጃ ቅባት አለ፤ ውስጡ ደቃቅ ሸካራ ፍርፋሪ ያለበት ነው። የአተር ፍሬ የምታክል መስቀሉ ውስጥ ጨምራችሁ ካቻቢቴውን ተጫኑት፤ ጫፉ ይነክሳል። ላስቲክ ማስገባት የሚባለው ዘዴ ግን ለትንሽ ብሎን ካልሆነ ወለል ላይ አይሠራም፤ ላስቲኩ ተቆራርጦ መስቀሉን ይሞላዋል።

ብሎኑ ሳይወጣ ዝም ብሎ የሚሽከረከር ከሆነ ችግሩ ሌላ ነው። ወይ ጥርሱ ሞራሌው ውስጥ ያለውን እንጨት ፈጭቶታል፣ ወይ አንገቱ ቀድሞ ተቆርጦ የምታዞሩት ራሱን ብቻ ነው። በሁለቱም ሁኔታ ከሥር የሚያነሳው ነገር ይፈልጋል። ቀጭን የስቱኮ ማንኪያ ወይም የመዶሻ ጥፍር ከራሱ ሥር አስገብታችሁ፣ ከመዶሻው ሥር ለጣውላው መከላከያ ቁራጭ እንጨት አድርጋችሁ፣ ወደ ላይ እየሳባችሁ አዙሩ።

ይህ ሁሉ ካልሠራ የብሎኑን ራስ በፑንታ (በትራፓኖው መብሻ ብረት) ማንሳት ነው። ይህ የማይቀር ሲሆን ከሁሉ ንጹሕ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሰው የሚፈራው ስሙን ነው። የብሎን ራስ ስፋት ብዙ ጊዜ የውፍረቱ እጥፍ ነው፤ ባለ 4 ሚሊ ብሎን ራሱ 8 ሚሊ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ለባለ 4 ብሎን ባለ 5 የብረት ፑንታ ይበቃል፤ ከአንገቱ ይሰፋል፣ ከራሱ ይጠባል፣ ጣውላውን አይነካም። መካከሉን በነጥብ መምቻ አንድ ጊዜ ምቱ፤ የተበላው መስቀል ራሱ ጥሩ መሪ ነው። ትራፓኖውን በዝግታ አዙሩት፤ በፍጥነት ከሄደ ፑንታው ይቃጠላል፣ ብረቱም ይጠነክራል። ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሲገባ ራሱ እንደ ቀለበት ተፈትቶ ፑንታው ላይ ይቀራል። የጂፕሰም ብሎን ከሆነ ተራ ፑንታ ያዳልጠዋል፤ ኮባልት ያለበትን ግዙ። መነጽር አድርጉ፤ ብናኙን ደግሞ ወዲያው በማግኔት ሰብስቡት፣ ማግኔቱን በፌስታል ከጠቀለላችሁት ብናኙን ማራገፍ ይቀላል። ጣውላ ላይ የቀረ የብረት ብናኝ በሚቀጥለው ውልወላ ዝገት ሆኖ ይታያል።

ራሱ ከተነሳ በኋላ ጣውላው ነፃ ነው። በሽብልቅ ቀስ አድርጋችሁ አንሱት። ሞራሌው ላይ ቆሞ የቀረውን አንገት በቫይስ ግሪፕ (ተቆልፎ በሚይዝ ፒንሳ) ነክሳችሁ ወደ ግራ አዙሩት፤ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክርክር ይወጣል፣ ከላይ የጫነው ነገር ስለሌለ።

አስቸጋሪው ጣውላው የማይነሳ ሆኖ ብሎኑ ከወለሉ ፊት በታች የተሰበረ ሲሆን ነው። የተሰበረ ብሎን ማውጫ የሚባለው፣ ግራ ጥርስ ያለው ሾጣጣ ብረት፣ በሱቅ ይሸጣል፤ ለትልልቅ የማሽን ብሎኖች ጥሩ ነው። ከ5 ሚሊ ለሚያንስ የእንጨት ብሎን ግን አልመክርም። ብሎኑ መካከል ላይ ባለ 2 ቀዳዳ በትክክል መብሳት አለባችሁ፣ ማውጫውም በዚያ ልክ ቀጭን ይሆናል፤ ቀጭን ማውጫ ደግሞ ይሰበራል። የተሰበረ ማውጫ ከፑንታ ይጠነክራልና ከዚያ በኋላ የሚበሳው ነገር አይኖርም።

ሁለት የሚሠሩ መንገዶች አሉ። አንደኛው ስባሪው ከፊቱ 3 ወይም 4 ሚሊ ብቻ ዝቅ ያለ ከሆነ ነው። በባለ 2 ፑንታ ዙሪያውን አምስት ስድስት ቀዳዳ፣ ጥልቀቱ ከ10 እስከ 12 ሚሊ፣ ብሱ። ፑንታው ላይ ጥልቀቱን በፕላስተር ቁራጭ ምልክት አድርጉበት። በመሃል የቀሩትን የእንጨት ግድግዳዎች በጠባብ መሮ ንቀሉ። ከ6 እስከ 8 ሚሊ የሚሆን አንገት ሲታይ ቀጭን አፍ ባለው ቫይስ ግሪፕ ያዙትና አዙሩ። ተራ ፒንሳ አይበቃም፤ ይንሸራተትና ብረቱን ያለሰልሰዋል።

ሁለተኛው ለጥልቁ ነው፤ የቧንቧ መጋዝ። ውስጡ ከብሎኑ ጥርስ ጥቂት የሚሰፋ፣ ውጩ ከ8 እስከ 10 ሚሊ የሆነ የብረት ቧንቧ ቁራጭ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ ውሰዱ። አንዱን ጫፍ በሞረድ አራት ወይም አምስት ጥርስ አውጡለት። ጥርሱ ወደ ግራ ሲዞር እንዲቆርጥ አድርጋችሁ አዘንብሉት፤ ምክንያቱም ትራፓኖውን የምታሽከረክሩት ወደ ኋላ፣ ወደ መፍቻው አቅጣጫ ነው። ቧንቧው በድንገት ብሎኑን ከነከሰው ይፈታዋል እንጂ አያጠብቀውም። ቧንቧ መሃል መሪ ጫፍ ስለሌለው ሲጀምር ይዘላል፣ ቫርኒሹንም ይቧጭራል። መፍትሔው 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ቁራጭ ጣውላ ላይ ቧንቧው የሚያልፍበት ቀዳዳ ብሳችሁ፣ ቀዳዳውን ከስባሪው በላይ አስተካክላችሁ፣ ቁራጩን በእግር ረግጣችሁ በዚያ ውስጥ መሰርሰር ነው። በየ5 ሚሊው አውጡና ሰጋቱራውን አራግፉ፤ ካልተራገፈ ይጤሳል። እስከ ስባሪው ግማሽ ከወረደ ብዙ ጊዜ እንጨቱ ከነብሎኑ እንደ ቡሽ ተነቅሎ ይወጣል። ከመጀመራችሁ በፊት ከወለሉ ሥር የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም የውሃ ቧንቧ የሚያልፍ መሆን አለመሆኑን አረጋግጡ፤ ጥርጣሬ ካለ ቆጣሪውን አጥፉ፣ በባትሪ ትራፓኖ ሥሩ።

የቀረው ክብ ቀዳዳ በእንጨት መሰኪያ ይደፈናል። በሱቅ የሚሸጠው ክብ የእንጨት ዘንግ የሚያሳየው የጭረቱን ጫፍ ነው፤ ቫርኒሽ በብዛት ይጠጣና ከሌላው ወለል ጠቁሮ ይታያል። ከተመሳሳይ እንጨት፣ ጭረቱ በፊቱ ላይ እንዲሆን አድርጎ በእጅ የተቀረጸ መሰኪያ ይሻላል። ነጭ ኮላ ቀቡት፣ የጭረቱን አቅጣጫ ከጣውላው ጋር ግጠሙ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ እንዲቀር አድርጋችሁ ምቱት፣ በማግስቱ በስለታም መሮ ላጩት። ሰጋቱራ በኮላ ለውሶ መሙላት ለ3 ሚሊ ቀዳዳ ያገለግላል፤ ለሰፊው ግን ሲደርቅ ይሰረጉዳል፣ ቀለምም አይቀበልም።

አዲሱ ብሎን ሲገባ ያው ስህተት እንዳይደገም ሁለት ቀዳዳ ያስፈልጋል። ጣውላው ላይ ብሎኑ በነፃ የሚያልፍበት፣ ለባለ 4 ብሎን ባለ 4 ወይም 4.5፤ ሞራሌው ላይ ደግሞ ጠባብ መሪ፣ ለለስላሳ እንጨት 2.5፣ ለጠንካራ 3 ሚሊ። የጣውላው ቀዳዳ ጠባብ ከሆነ ጥርሱ ጣውላውንም ሞራሌውንም በአንድ ጊዜ ይይዝና በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሳይዘጋ ይቀራል፤ ወለሉ እንደገና ሲጢጥ ይላል፣ ብሎኑም ሌላ ጊዜ ይቆረጣል። ለ2 ሳንቲ ሜትር ጣውላ 5 ሳንቲ ሜትር ብሎን ይበቃል። ጥርሱን በሰም እሹት፤ የጧፍ ቁራጭ ፍጹም ነው። ሳሙና የሚያሹ አሉ፤ ሳሙና እርጥበት ይስባልና ብሎኑን ያዝገዋል። የነሐስ ብሎን ለማስገባት ካሰባችሁ መጀመሪያ በተመሳሳይ መጠን የብረት ብሎን መንገዱን አስከፍቱ፤ ነሐስ ለስላሳ ስለሆነ በጠንካራ እንጨት ውስጥ ገና ሲገባ ይቀነጠሳል።

ሲሚንቶና ሴራሚክ ወለል ላይ፣ ለምሳሌ የበር ማቆሚያ በታሰረበት፣ ብሎኑ የተያዘው በፊሸር ነው። (ስሙ የሰው ስም ነው፤ ጀርመናዊው አርቱር ፊሸር በ1958 የናይለኑን መሰኪያ ሠራ።) እዚያ የብሎኑ ጥርስ የነከሰው ናይለን ስለሆነ ካውያው ከሁሉ ይቀላል። ስባሪው ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ ያዙት፣ ናይለኑ ሲለሰልስ በቀጭን ፒንሳ ሳቡት። ይህ የሚሆነው ስባሪው ከላይ የሚታይ ከሆነ ነው፤ መስኮት ክፈቱ፣ ጭሱ ጥሩ አይደለም። ፊሸሩ ከብሎኑ ጋር አብሮ የሚሽከረከር ከሆነ በጎኑ ቀጭን ካቻቢቴ ሰክታችሁ አስቁሙት፣ ከዚያ ፍቱት። ሴራሚክ ላይ መዶሻ አይነሳ፤ የትራፓኖው የመዶሻ ምት ሁነታም ይጥፋ። በጥልቅ የቀረ ስባሪ ከሆነ ፊሸሩን ከነብሎኑ ወደ ታች ገፍታችሁ በነጭ ሲሚንቶ መድፈን ይሻላል፤ አዲሱን ቀዳዳ 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ርቃችሁ፣ ከሴራሚኩ ጠርዝም ሸሽታችሁ ብሱ።